ቪትዝ ላይ ሦስት ሳይክል፦ ከጣሪያ ወይስ ከኋላ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምንኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። መኪናችን ቪትዝ ናት። የእኔ ማውንቴን፣ የባለቤቴ የሴት ሳይክል፣ የ9 ዓመት ልጃችን ባለ 20 ሳይክል አለን። የ4 ዓመቷ ልጃችን እናቷ ሳይክል ላይ በተገጠመ የልጅ ወንበር ነው የምትሄደው። ቅዳሜና እሁድ ወደ ጢስ ዓባይ፣ ሲመቸንም በጎንደር መስመር ይዘናቸው መውጣት እንፈልጋለን። የኋላ በር ላይ በቀበቶ የሚታሰረውን ልግዛ? ጣሪያ ላይ ፖርቶ መጋላ ላሠራ? ወይስ ከኋላ መጎተቻ (ተጎታች የሚታሰርበትን ብረት) አስበይጄ እዚያ ላይ ልጫን?»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ሁለቱን የአዋቂ ሳይክሎች ጣሪያ ላይ ጫን። የልጁን ጎማዎቹን ፈትተህ ከኋላ ወንበር ጀርባ አስገባው። በቀበቶ የሚታሰረውን ለኮረኮንች መንገድ አልመክርህም። መጎተቻ ማስበየዱን ደግሞ ለቪትዝ ጨርሶ ተወው።

ምክንያቱን ላስረዳህ። ባሕር ዳር ውስጥ ሳይክል ስጠግን 14 ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ ውስጥ ግማሹን ያህል ከጎረቤቴ ከበያጁ ጋር የሳይክል መጫኛ ስንሠራ ቆይተናል። ከተማችን ሜዳ ናት። ሠራተኛውም ተማሪውም ሳይክል ይነዳል። ሳይክሉን መኪና ላይ ጭኖ ከከተማ የሚወጣ ቤተሰብ ግን ብዙም አልነበረም። አሁን እየመጡ ነው፤ በጣም ደስ ይለኛል። ልጅ ሆነው በሳይክል አገራቸውን ያዩ ልጆች ያንን አይረሱትም። ለዚህ ነው ነገሩ በአጭሩ እንዲታለፍ የማልፈልገው።

ሰው ሱቃችን ሲመጣ የሚጠይቀው የመጫኛውን ዓይነትና ዋጋ ነው። እኔ ግን ሁለት ነገር ሳልጠይቅ አልመልስም። ሳይክሎቹ ስንት ኪሎ ናቸው? የምትሄድበት መንገድ ምን ዓይነት ነው? እነዚህን ሁለቱን ካወቅን ምርጫው ራሱ ይወጣል።

ኪሎውን ዛሬውኑ እወቀው። የሰው ሚዛን ካለህ ሳይክሉን ተሸክመህ ውጣበት፤ ከዚያ ብቻህን ውጣ። ልዩነቱ የሳይክሉ ነው። ሚዛን ከሌለህ ገበያ ውስጥ እህል የሚመዝን ነጋዴ ለምነህ ማስመዘን ትችላለህ። የብረት ፍሬም ያለው ተራ ማውንቴን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 18 ኪሎ ይመጣል። የሴት ሳይክል ከነቅርጫቱ፣ ከነጭቃ መከላከያው 18 ኪሎ ቢሞላ አይግረምህ። ባለ 20 የልጅ ሳይክል 11 ኪሎ ገደማ ነው። የአንተን 16፣ የባለቤትህን 18፣ የልጁን 11 ብለን እንያዘው። ድምሩ 45 ኪሎ።

አሁን ወደ ጣሪያው እንሂድ። ትናንሽ መኪኖች ጣሪያቸው ላይ የሚፈቀደው ጭነት በአብዛኛው ከ50 እስከ 75 ኪሎ ነው። ልኩ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ። እኛ ጋ ያሉት ቪትዞች ብዙዎቹ ያገለገሉ ሆነው ስለሚገቡ መጽሐፉ ወይ የለም ወይ በጃፓንኛ ነው። መጽሐፍ ከሌለህ ከ50 ኪሎ አትለፍ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ 50 ኪሎው የሳይክሎቹ ብቻ አይደለም፣ የመጫኛው ብረትም ከውስጡ ይቆጠራል። ከብረት የተሠሩ ሁለት አግዳሚዎች ከነእግራቸው 7 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ሳይክሉ የሚያርፍበት እያንዳንዱ ሐዲድ 3 ኪሎ ይሆናል። ሦስቱን ሳይክል ከጫንክ 45 እና 7 እና 9፣ በድምሩ 61 ኪሎ። አለፈ። ሁለቱን ብቻ ከጫንክ 34 እና 7 እና 6፣ በድምሩ 47 ኪሎ። ይገባል። «ሁለቱ ከላይ፣ የልጁ ከውስጥ» ያልኩህ ከዚህ ስሌት ተነስቼ ነው።

ያ 47 ኪሎ ደግሞ መኪናዋ ቆማ ነው። ጎማህ ጉድጓድ ሲመታ ያ ክብደት ለቅጽበት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ብረቱን ይጎትተዋል። አስፋልት ላይ ይህ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው። ኮረኮንች ላይ በየሜትሩ ነው። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ርቀቱ ምንም አይደለም። ግን ብሎን የሚያላላው፣ ብየዳ የሚሰነጥቀው፣ ቀበቶ የሚያንሸራትተው ርቀት ሳይሆን ንዝረት ነው። እኔ ወደ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ሄዶ ከተመለሰ መጫኛ ይልቅ ኮረኮንች ላይ አንድ ቀን የዋለውን ነው በጥንቃቄ የማየው።

በቀበቶ የሚታሰረውን ለምን እንደፈራሁት ልንገርህ። ዋጋው ቀላል ነው። ተጣጥፎ ይገባል። ለአስፋልት፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀላል ሳይክል ክፋት የለውም። የቪትዝን የኋላ በር ግን ሄደህ በደንብ እየው። ላይኛው ግማሹ መስታወት ነው። ከመስታወቱ በላይ ያለው ክንፍ ብዙዎቹ ላይ ፕላስቲክ ነው። የቀበቶው መንጠቆ የሚይዘው የበሩን የላይኛውን ጠርዝ ነው፤ ክብደቱ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። መንጠቆው ፕላስቲኩ ላይ ካረፈ ይሰብረዋል። የመጫኛው እግር መስታወቱን ከተጫነ ደግሞ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል። ከስር ያለው ላሜራም ስስ ነው፤ በጣት ስትጫነው የሚሰጥ ቦታ አለው።

ናይለን ቀበቶ ሲረጥብ ይለጠጣል። ሰኔ ላይ ደርቆ ያሰርከው፣ ዝናብ ከመታው በኋላ የላላ ሆኖ ታገኘዋለህ። በጋ ደግሞ አቧራው አለ። የመጫኛው እግር ስር የገባ አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ቀለሙን ይፍቃል። አንድ ቀን ብቻ ተጠቅመው የበሩ ቀለም እስከ ላሜራው የተላጠባቸው ሰዎች መጥተው አሳይተውኛል።

እኔ ራሴ ያየሁትን ልጨምርልህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኛዬ ጋር በእንዲህ ያለ መጫኛ ሁለት ሳይክል ጭነን ከጢስ ዓባይ እየተመለስን ነበር። ስንነሳ ቀበቶው ጥብቅ ነበር። መንገድ ላይ ግን አንደኛው በኩል ላላና ሳይክሉ ዘመም አለ። ከውስጥ ሆነን አላየነውም። የኋላ ጎማው ከጭስ ማውጫው ፊት ለፊት ወርዶ ቆሟል። ላስቲክ ሲሸተን ነው የቆምነው። ጎማው በአንድ በኩል ቀልጦ፣ ካላማዳሪው ፈንድቶ ጠበቀን። ሳይክሉ መንገድ ላይ ቢወድቅና ከኋላችን ባጃጅ ወይም ሞተር ቢኖር ምን ይሆን ነበር እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የኋላ መጫኛ ስገጥም መጀመሪያ የማየው ጭስ ማውጫው የት እንዳለ ነው።

ለእናንተ ሌላም ችግር አለው። ይህ ዓይነቱ መጫኛ ሳይክሉን የሚያንጠለጥለው ከኮርቻው ወደ መሪው በሚሄደው አግድም ቱቦ ነው። የሴት ሳይክል ያ ቱቦ የለውም። ብታንጠለጥለው አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል። ከመሪው ግንድ እስከ ኮርቻው ግንድ የሚታሰር ተጨማሪ ዘንግ አለ፤ በያጅም ሊሠራልህ ይችላል፤ ግን አንድ ሊላላ የሚችል ነገር ጨመርክ ማለት ነው። ሳይክሎቹ ታርጋህንና የኋላ መብራትህንም ይሸፍናሉ። ታርጋው ቢሸፈን ትራፊክ ያስቆምህ ይሆናል። ፍሬን ስትይዝ መብራቱ ካልታየ ግን ከኋላህ ያለው አሽከርካሪ መቆምህን አያውቅም። ይህኛው ይብሳል።

ወደ መጎተቻው ልምጣ። የመጎተቻ መጫኛ በመሠረቱ ከሁሉም የሚመች ነው። ዝቅ ያለ ነው፤ ማንሳት አያደክምም፤ ነፋስ አያገኘውም። ከውጭ የሚመጡት ወይ 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ላይ፣ ወይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ቱቦ ውስጥ ይገባሉ። ግን መኪናው ለዚያ የተሠራ መሆን አለበት። ቪትዝ ለመጎተት የተሠራች መኪና አይደለችም። አንዳንድ ቦታ ከፓራውልቱ ጀርባ ያለውን ስስ ብረት ይዘው ይበይዳሉ። ያ ብረት ግጭትን ለመምጠጥ እንጂ ጭነት ለማንጠልጠል አልተሠራም። በትክክል ቢሠራ እንኳ ሻንሲውን ይዞ በብሎን መታሰር አለበት።

ቁጥሩን እንየው። ሦስቱ ሳይክሎች 45 ኪሎ፣ መጫኛው 15 ኪሎ ቢሆን 60 ኪሎ ነው። ይህ ክብደት ከኋላ ጎማው መሐል 1 ሜትር ወደ ኋላ ወጥቶ ይንጠለጠላል። የቪትዝ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2 ሜትር ከግማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ ከፊት ጎማው ላይ 24 ኪሎ ያህል ይቀንሳል፤ ኋላው ደግሞ 84 ኪሎ ይሸከማል። እንደ ሚዛን አስበው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሳል። ቪትዝ የምትነዳውም፣ የምትጠመዝዘውም፣ አብዛኛውን ፍሬን የምትይዘውም በፊት ጎማዋ ነው። ላይዋ ላይ ሁለት ልጆችና ዕቃ ሲጨመር ኋላዋ ይቀመጥና የፊት መብራቷ ወደ ሰማይ ያያል። ማታ ከወረታ ስትመለስ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ታሳውረዋለህ።

ስፋቱም አለ። የአዋቂ ሳይክል ርዝመቱ ከ1 ሜትር ከ70 እስከ 1 ሜትር ከ85 ነው። ቪትዝ ወርዷ ከ1 ሜትር ከ70 በታች ነው። ሳይክሉን ከኋላ አግድም ካደረግከው ጎማው ከመኪናው ጎን ይወጣል። ባጃጅ በሁለቱም በኩል እየተጋፋ በሚያልፍበት ከተማ ውስጥ ያ የወጣ ጎማ ሰው ይመታል። የፊት ጎማውን ብትፈታው ወደ 1 ሜትር ከ40 ይወርዳል። ከኋላ መጫን ግድ የሆነባቸውን ሁሉ እንዲህ አድርጉ እላለሁ።

አሁን ጣሪያው።

ድሮ ቀላል ነበር። ዲኤክስና ፔጆ 504 ጣሪያቸው ጠርዝ ላይ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አላቸው። ፖርቶ መጋላው ያንን ቦይ ቆንጥጦ ይይዛል፤ አለቀ። ቪትዝ ያ ቦይ የላትም። ጣሪያዋ ለስላሳ ነው። ስለዚህ አግዳሚው የሚያርፈው በአራት እግር ነው። እያንዳንዱ እግር ከስሩ ጎማ አለው፤ ከጎኑ ደግሞ በር ሲከፈት በሚታየው ጠርዝ ውስጥ የሚገባ የብረት መንጠቆ አለው። ብሎኑን ስታጠብቀው መንጠቆው ወደ ውስጥ እየጎተተ ጣሪያውን አቅፎ ይይዛል። ይህን እግር ብትችል የተሠራውን ግዛ። ቱሌ የሚባለው የስዊድን ድርጅት ለየመኪናው ዓይነት የሚስማማ መንጠቆ ይሠራል፤ ያገለገለ ብታገኝም ጥሩ ነው፤ መንጠቆው ግን ለአንተው ቪትዝ ቅርጽ መሆኑን አረጋግጥ። እዚህ ማሠራት ካለብህ ደግሞ የበሩን ጠርዝ በካርቶን ለክተህ ቅርጹን አውጣ፣ መንጠቆውን በዚያ ልክ አስቆርጥ። ጣሪያውን እንብሳ የሚልህን ሰው አመስግነህ ተሰናበተው። የተበሳ ጣሪያ ክረምት ሲመጣ ያፈሳል፣ ከዚያ ይዝጋል።

በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል ያለው ርቀት 70 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ሲያንስ ሳይክሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል።

ሳይክሉን ለመያዝ ብዙ ዘዴ አለ። ከውጭ የሚመጡት አንዳንዶቹ የፍሬሙን ቱቦ በክንድ ይይዛሉ፤ አንዳንዶቹ የፊት ጎማውን ብቻ አቅፈው ያቆሙታል። ሁለተኛው ለሴት ሳይክል በጣም ይመቻል፤ ፍሬሙን አይነካውምና። እኔና ጎረቤቴ የምንሠራው ግን የፊት ጎማው ተፈትቶ ሹካው የሚታሰርበትን ነው። ለዚያ የሚያስፈልገን አሮጌ የፊት ጎማ ሞዞ፣ የጎማው መሐል ማለት ነው። ከተጣለ ሳይክል ላይ የብረት ሞዞ እናወጣለን፣ ራዲዮቹን እንቆርጣለን፣ ሞዞውን የፊተኛው አግዳሚ ላይ በዩ ቅርጽ ብሎን ሁለት ቦታ እናስረዋለን። የሳይክልህ ሹካ በራሱ ዳዶ እዚያ ላይ ይጠብቃል። እኛ ጋ ያሉት አብዛኞቹ ሳይክሎች የፊት ጎማቸው የሚታሰረው በዳዶ ስለሆነ ልክ ይገጥማል። የኋላ ጎማው ሐዲዱ ላይ ያርፋል፤ ሁለት ቦታ ይታሰራል። ይህ አያያዝ ሳይክሉን ዝቅ ያደርገዋል፤ ክብደቱም ይቀንሳል። የተፈታውን የፊት ጎማ ከውስጥ ከልጁ ሳይክል ጋር ታስገባዋለህ። ያንተ ማውንቴን ወፍራም አክስል የሚያልፍበት ሹካ ካለው ግን ይህ አይሠራም፤ ጎማ የሚያቅፈውን ፈልግ። ዲስክ ፍሬን ካለው ደግሞ ጎማው ሲወጣ በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መካከል ቁራጭ ካርቶን አስገባ። አለዚያ አንዱ ሰው ሳያስበው ፍሬኑን ይጨብጥና ሸራዎቹ ተጣብቀው ጎማው አልገባ ይላል።

የባለቤትህ ሳይክል ላይ ያለውን የልጅ ወንበርና ቅርጫት ከመጫንህ በፊት ፍታቸው። ነፋስ የሚይዙ ነገሮች ናቸው። የነፋስ ግፊት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ነው የሚያድገው። በ40 ምንም ያልመሰለህ ነገር በ80 ያስፈራሃል። ፎገራ ሜዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል የጎን ነፋስ ሲመጣ መሪው እጅህ ላይ ይሰማሃል። ሳይክል ጣሪያ ላይ ካለ አስፋልት ላይ ከ80 አትለፍ። ኮረኮንች ላይ 30 ይበቃል። ነዳጅም ይጨምራል፤ ሳይክል ሳትይዝ አግዳሚውን ፍታው።

የጣሪያ ትልቁ አደጋ ግን ነፋሱ አይደለም፤ መርሳት ነው። ቪትዝ ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 ገደማ ነው። ሳይክል ሲጨመርበት 2 ሜትር ከግማሽ ያልፋል። ሰው 1 ሜትር ከ50 ለምዶ ነው የሚነዳው። ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ደክሞህ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ የግቢህ በር ሲከፈት ቀጥ ብለህ ትገባለህ። የበሩ የላይኛው ብረት ሳይክሉን ይመታዋል፤ ሳይክሉ አግዳሚውን ይነቅላል፤ አግዳሚው ጣሪያውን ይቀደዋል። አንድ ደንበኛዬ ላይ በትክክል ይህ ደርሷል። ስለዚህ ዛሬ ማታ የግቢህን በር በሜትር ለካው። ሳይክል ስትጭን ደግሞ «ላይ ሳይክል አለ» ብለህ ወረቀት ጻፍና መሪው መሐል ለጥፈው። እኔ እስከ አሁን አደርገዋለሁ። ዝቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍም አትርሳ፤ ባሕር ዳር ዛፍ ሞልቷል።

ሲጫን ሁለት ሰው ይሁን። አንዱ ሹካውን፣ አንዱ ኋላውን። ብቻህን ካነሳኸው ፔዳሉ በርህን ይቧጭረዋል።

የልጁን ሳይክል በተመለከተ፦ ሁለቱን ጎማዎች ፍታ፣ መሪውን አዙረው፣ ፔዳሎቹን አውጣ። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት ታግለው ጥርሱን የጨረሱ ብዙ ናቸው። ካቴናውን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው። ከዚያ ደግሞ፣ እባክህ ይህችን አትለፋት፣ ፍሬሙን ከመኪናው ወለል ወይም ከወንበሩ እግር ጋር እሰረው። ከፊቱ የተቀመጡት ልጆችህ ናቸው። በድንገት ፍሬን ብትይዝ ያልታሰረ 11 ኪሎ ብረት ወደ ጭንቅላታቸው ነው የሚመጣው።

በያጅ ጋ ስትሄድ የምትለው ይህ ነው። ቱቦው 30 በ30፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ይሁን። ከዚያ የሳሳ ቱቦ ሲበየድ ይበሳል፤ ቆይቶም ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ማዕዘን ያለበት ቦታ ሁሉ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ይጨመርበት። የቱቦው አፍ ይዘጋ፣ ከስር ግን ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ይተውለት፤ አለዚያ ከውስጥ ይዝጋል፣ አንተም አታየውም። ዚንክ የተነከረ ቱቦ ከሆነ የሚበየድበት ቦታ ላይ ዚንኩ ተፍቆ ይነሳ። ጭሱ ለበያጁ መርዝ ነው፤ ማታ ትኩሳት ይይዘዋል። ብሎኑ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ያለበትን ግዛ። ዳዶው ከውስጡ ናይለን ያለው ይሁን፤ በንዝረት አይፈታም። ከዳዶው ስር ሮንዴላ አይቅር። ከቀለም በፊት የዝገት መከላከያ ይቀባ።

ለማሰሪያ የካላማዳሪ ቁራጭ ሁላችንም እንጠቀማለን። ሳይክሉ እንዳይንኳኳ ለመደገፍ ጥሩ ነው። ዋናውን ጭነት ግን አይያዝ፤ ይለጠጣልና። ዋናውን የሚይዘው እየተጠበቀ የሚቆለፍ የጭነት ቀበቶ ወይም ብሎን ይሁን።

ሌላ መኪና ያላችሁም ታነቡት ይሆናልና ጥቂት ልበል። ደብል ጋቢና ፒክአፕ ያለው ሰው ብዙ አይጨነቅ፤ ጭነቱ ላይ አንድ ዘንግ አግድሞ ሞዞ ማሰር ይበቃዋል። ስኮርታው ኋላ በር ላይ የተንጠለጠለ መኪና ካላችሁ እዚያ ላይ የሚታሰር መጫኛ አለ፤ ከሁለት ሳይክል አትለፉ፤ የበሩ ማጠፊያ ስኮርታውንም ተሸክሟል። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎችም እየመጡ ይጠይቁናል። ብዙዎቹ ጣሪያቸው መስታወት ስለሆነ አግዳሚ ይችል እንደሆነ መመሪያውን ሳያዩ ምንም አይግጠሙ። ሳይክል ጣሪያ ላይ ሲሆን በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀትም በግልጽ ይቀንሳል። መኪናው መጎተቻ የሚፈቀድለት ከሆነ ለእነሱ ከኋላ ይሻላል።

ደግሞ ሁልጊዜ መጫን አያስፈልግም። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተከፈተው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የሳይክል መንገድ አለው። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ከሽምብጥ በሳይክላችሁ ተነስታችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ልጁ ጉልበት ካለው ቤዛዊት ድረስ መግፋት ትችላላችሁ። ዘጌ ለመሄድ ካሰባችሁ ደግሞ ጠዋት፣ ሐይቁ ሳይናወጥ፣ ከጀልባ ሰዎች ጋር ተነጋገሩ። ሳይክል ጀልባ ላይ ይጫናል። በቡና ጥላ ስር ልጆች ይዞ መንዳት ምን እንደሚመስል ስታየው ታውቀዋለህ።

ወደ ጢስ ዓባይ የመጀመሪያ ቀን ስትወጣ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቀህ ውጣ፤ መፍቻም ያዝ። ከከተማ ከወጣህ በኋላ 5 ኪሎ ሜትር ሄደህ ቁም። እያንዳንዱን ዳዶ በመፍቻ ንካው፤ አዲስ መጫኛ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው የሚላላው። ኮረኮንች የሚጀምርበት ቦታ ካለ እዚያ እንደገና ቁም። ሳይክሉን ይዘህ አወዛውዘው፤ መኪናዋ አብራ ከተወዛወዘች ጥሩ ነው፤ ሳይክሉ ብቻውን ከተወዛወዘ የሆነ ቦታ ላልቷል። ቤት ስትመለስ አቧራውን አጥበህ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ እያቸው። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ካየህ ያ ስንጥቅ ነው። በላዩ ላይ ቀለም አትቀባ። ሳይክል ሳትጭንበት መጫኛውን ፈትተህ ወደ በያጁ ውሰደው።